ከሜዳ የተመለሰው ቋንጣ

ቋንጣው እንደ ሄደ ተመለሰ።

ደስታነሽ የግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሦስቱን ማዳበሪያ ተራ በተራ አየቻቸው። አፋቸው የታሰረበት ሲባጎ አልተፈታም። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚቀበር፣ አባቷ በሱቁ ውስጥ ዕቃ ሲያስር አይታ የለመደችው ነው። አንድ ሻምበል ጦር፣ መቶ አሥራ ስምንት ሰው፣ አሥር ቀን ሙሉ አሰቦት ቆላ ውስጥ ሲሮጥ፣ ምሽግ ሲቆፍርና ዒላማ ሲተኩስ ሰንብቶ መጥቷል። ያም ሆኖ አንዲት ብጣሽ ሥጋ አልቀመሰም።

አንዱን ማዳበሪያ ፈታችው። መጀመሪያ አሸተተች፤ ቀጥላ ከላይ አንድ ዘለላ አንስታ ነከሰች። ኩርሽም ይላል። በርበሬውም ጨዉም በልኩ ነው። ሻጋታ የለው፣ ነቀዝ የለው። ሌላ አንድ ዘለላ ጨመረች፤ ይኼኛው ለመመርመር ሳይሆን ስለጣማት ነው።

"ኮቾሮው ግን ተጠርጎ አልቋል" አላት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ቢራቱ፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይል። ኮቾሮ ወታደር በቦርሳው ይዞት የሚዞረው፣ ጥርስ የሚፈትን ደረቅ ብስኩት ነው። "ስኳርና ሻይ ቅጠሉም የለም።"

"ሰው ቋንጣ ትቶ ኮቾሮ ይበላል እንዴ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ቆጥሬ አስረከብኩ፣ ቆጥሬ ተረከብኩ። ጨው በዝቶበት ይሆናል።"

"ጨው አልበዛበትም።"

"እንግዲያው ሰነፉ።"

ይኼም አልተዋጠላትም። የተራበ ሰው ለብዙ ነገር ይሰንፋል እንጂ ለመብላት አይሰንፍም።

የካምፑ አዛዥ ሻለቃ ሀይሌ ወሬው ሲደርሳቸው አስጠሯት። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። "ደስታነሽ፣ የካምፑን ምግብ ማንም አይነካብሽም" አሏት። "የሜዳው ስንቅ ግን ካሁን በፊት ከላይ ተዘጋጅቶ ነበር የሚመጣልን። አንቺ ልሞክረው ብለሽ ነው የሰጠሁሽ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ልምምድ አለ። ያን ጊዜም እንዲህ ከሆነ ወደ ድሮው እንመለሳለን፤ ኮቾሮና የቆርቆሮ ምግብ ይላክላቸው፣ እኛም እንረፍ።"

"እሺ ሻለቃ" ብላ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ያሳሰባት ግን ሥራው ከእጇ መውጣቱ ብቻ አልነበረም። ለምን እንዳልበሉት ሳታውቅ ሊወሰድባት መሆኑ ነው።

ደስታነሽ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሆሳዕና መጥቶ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለነበር እዚሁ ተወልዳ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከሱቁ ደንበኛ ለቅማ አደገች። የምግብ ዝግጅት ተምራ በሲቪል ሠራተኛነት ካምፑ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ድስት አታማስልም፤ ሥራዋ ምን ቀን ምን እንደሚበላ፣ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ ማሰብ ነው። ይህንን የምታስብበት የራሷ ዘዴ አላት። ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ የትርፍራፊ በርሜል አለ። ከምሳ በኋላ ሄዳ ታየዋለች። ምስር በቀጠነ ቀን በርሜሉ ግማሽ ይደርሳል፤ ድንች በበዛበት ቀን ድንቹ ብቻ ተለቅሞ ይጣላል፤ ሩዝ በዘይት የተሠራ ቀን ባዶ ይሆናል። ወታደር ሲጠየቅ "ጥሩ ነው እትዬ" ነው የሚለው፤ በርሜሉ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ሜዳ ላይ በርሜል የለም። የሚበሉትን አላየችም፣ የሚጥሉትንም አላየችም። ስለዚህ የተመለሱትን ወታደሮች መጠየቅ ጀመረች። በሰልፍ ላይ፣ ቧንቧው ጋ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ "ጊዜ አጣን" አላት። ሌላው "ሙቀቱ ምግብ ይዘጋል" አለ። አንዱ ደግሞ "ጥሩ ነበር እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን" ብሎ ያልበላውን ቋንጣ አመሰገነላት።

መልሱ በመጀመሪያ የመጣው ከማትጠብቀው ሰው ነው።

የካምፑ ግቢ ዳገት ላይ ስለሆነ ወጥ ቤቱ ሁለት ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ይባላሉ። በሬ ሲገዛ ሁለት ይገዛል። አንዱ ላይ በክርስቲያን እጅ፣ አንዱ ታች በሙስሊም እጅ ይታረዳል። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ አይገናኝም። ሽሮና ምስር በሚቀርብበት ቀን ሰልፉ አንድ ነው፤ ሥጋ ባለበት ቀን ሁለት ይሆናል። የሃይማኖት ስም የሚጠራ የለም፤ "አንተ ላይ ነህ ታች?" ይባባላሉ፣ በልተው ጋሜላቸውን፣ የሚበሉበትን የቆርቆሮ ዕቃ፣ ቧንቧ ሥር ያጥቡና ተያይዘው ይወጣሉ። ደስታነሽ ራሷ ጴንጤ ናት። ከሁለቱም ድስት ትቀምሳለች፤ "ባርኬ እበላለሁ" ትላለች፣ ያሳቀቃትም ሰው የለም።

የታች ቤት ኃላፊ ኢንሳፍ ናት። የጭሮ ልጅ፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። በዚያ ሳምንት በወተት የፈላ የቡና ቅጠል ሆጃዋን በብርጭቆ ይዛ ግምጃ ቤት መጣችና ማዳበሪያዎቹን በእግሯ ነካ አደረገቻቸው።

"የኔ የቱ ነው?" አለች።

"የቱ ምን?"

"የኔ ቋንጣ ነዋ። ታች ቤት የሰቀልኩት። ክንዴ እስኪዝል የዘለዘልኩት።"

ደስታነሽ ወደ ማዳበሪያዎቹ ዞረች። ልትጠቁም እጇን አነሳች፣ መልሳም አወረደችው። ቢራቱን አየችው። ቢራቱ መዝገቡን አየ። መዝገቡ ላይ "ቋንጣ" የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። ቢራቱ ከላይም ከታችም የመጣውን አንድ ሚዛን ላይ ደምሮ፣ በሦስት እኩል አካፍሎ ሞልቶታል። እሷም መጥታ አፉን አስራለች።

"አቦ ደስቱ" አለች ኢንሳፍ፣ "ቀላቀላችሁት?"

ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ዋላሂ፣ እንዲህ አድርጎ ማንም አያስቸግርም። ይኼን እኔ አልበላው፣ የላይ ቤቷ ሳህሊቱ አትበላው። አንቺ ብቻሽን ብዪው እንግዲህ፣ ባርከሽ።"

"ጴንጤ ወታደር ስንት አለን?" አለ ቢራቱ፣ የምሩን ነው።

"አሥራ አንድ" አለች ደስታነሽ።

"አሥራ አንድ ሰው ሦስት ማዳበሪያ ይጨርሳል?"

ደስታነሽ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀልቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላይና ታች እያለች ስትለይ ኖራ፣ ከግቢው በር ሲወጣ ያ መለየት የት እንደሚሄድ አስባው አታውቅም። ለእሷ አፍ ሁሉም ሥጋ ነበር። ወታደሮቹም ያልነገሯት እንዳያሳፍሯት ይሆናል።

ለሁለተኛው ልምምድ ስህተቱን በደንብ አረመችው። የላይ ቤቱ ቋንጣ በነጭ ማዳበሪያ፣ የታች ቤቱ በቢጫ ማዳበሪያ ሆነ፤ በላያቸው ላይም በትልቁ "ላይ" እና "ታች" ተብሎ ተጻፈ። ኢንሳፍ የራሷን በእጇ አሰረች፣ ሳህሊቱም የራሷን። መኪናው ሲወጣ ሦስቱም ቆመው ሸኙት። ደስታነሽ ግን እንደ ሌሎቹ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ ወደ ሻለቃው ቢሮ ሄደች።

"ከውሃው ቦቴ ጋር ሄጄ ልያቸው" አለች።

"ምን ሊያደርጉ ነው የምታያቸው?"

"ሲበሉ።"

ሻለቃ ሀይሌ ሲተኙ ልያቸው ያለቻቸው ይመስል ቀና ብለው አዩዋት። "ልምምድ ላይ ናቸው እኮ። እሺ፣ ለአንድ ቀን። ከቦቴው ጋር ሄደሽ ከቦቴው ጋር ትመለሻለሽ።"

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጭሮ ወረደች። ጫቱ እርከን በእርከን እየወረደ ከመንገዱ ራቀ፤ ሚኤሶ ሲደርሱ የለበሰችው ሹራብ ሞኝነት ሆነባት። አሰቦት ላይ ግመሎች አስፋልቱን እስኪሻገሩ ቆሙ። ከዚያ በኋላ መንገድ የለም፤ ሹፌሩ የጎማ ዱካ እየተከተለ ግራር ለግራር ወሰዳት። የአሰቦት ገዳም ያለበት ተራራ ከኋላቸው ሆኖ የቱንም ያህል ቢሄዱ የራቀ አይመስልም።

የስንቁ ድንኳን ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ነጩንና ቢጫውን ማዳበሪያ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አልተፈቱም።

ኃላፊውን አልጠየቀችም። በርሜል ስለሌለ መሬቱን ማየት ጀመረች። ምሽግ ከምሽግ እየዞረች ጎንበስ ብላ ሄደች። የኮቾሮ ወረቀት አለ። የሻይ ቅጠል አተላ አለ። አንድ ምሽግ ጋ ስትደርስ የለውዝ ልጣጭ አየች፤ ብዙ ነው፣ ተጠርጎ አንድ ጥግ ተከምሯል። ለውዝ ደግሞ እሷ አልላከችም።

ምሽጉ ውስጥ ሦስት ወታደሮች ነበሩ። አንዱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል። ሁለቱን በስም ታውቃቸዋለች። ሙሐመድአሚን የቦኬ ልጅ ነው፣ ቀጭንና ነገረኛ፤ ብሩ ከላይኛው አገር የመጣ፣ ዓይን አፋር።

"እትዬ ደስታ!" አለ ሙሐመድአሚን። "ጦርነት ተነሳ እንዴ? ወጥ ቤት ሳይቀር ዘመተ?"

"ልጆች፣ ቀጥታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ባለፈው ተቀላቅሎ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ለየሁላችሁ። ለምን አትበሉም?"

ብሩ ጫማውን አየ። "አይተናል እትዬ፣ ለይተውልናል። እግዜር ይስጥልን።"

"ምስጋናውን ተወውና መልሱን ስጠኝ።"

ሙሐመድአሚን ከጎኑ ጥላሸት የለበሰ ጋሜላ አንስቶ አሳያት። "ይኼ የሦስታችን ነው። ሜዳ ስንወጣ ቦርሳ እንዲቀል ለሦስት ሰው አንድ ነው የምንይዘው፤ ሻይም በሱ፣ ሩዝም በሱ። እኔ ዛሬ የታች ቤቱን ቋንጣ ብቀቅልበት ብሩ ነገ ሻዩን በምን ያፈላል? ልጠበው ብል ውሃው ለመጠጥ ነው። ካምፕ ቧንቧ አለሽ፤ እዚህ ቧንቧው ይኼ ነው" ብሎ ኮዳውን ነቀነቀ፤ ድምፁ የግማሽ ነው።

"ቋንጣ ሳይቀቀል ይበላል እኮ።"

"ይበላል" አለ ብሩ በዝግታ። ዓይኑን አሁንም ከጫማው አላነሳም። "ባለፈው ልምምድ እናቴ የላከችልኝ ቋንጣ ነበረኝ። አንድ ቀን ርቦኝ ዞር ብዬ በላሁ። ይኼ ሰውዬ አየኝ። አየኝና እንዳላፍር ብሎ ፊቱን አዞረ፤ መንገድ መንገድ የሚያይ መሰለ። የቀረውን አልበላሁትም። አልወረደልኝም።"

"ውሸቱን ነው፣ የእውነት መንገድ እያየሁ ነበር" አለ ሙሐመድአሚን።

"ምን መንገድ አለ እዚህ?" አለ የተጋደመው፣ ከባርኔጣው ሥር።

ደስታነሽ የምሽጉ አፍ ላይ ተቀመጠች። "ታዲያ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ሆናችሁ ሦስት ሦስት ብትመደቡስ?"

"በድስት አይደለማ የምንመደበው" አለ ሙሐመድአሚን። "መትረየስ የሚይዝ፣ ጥይት የሚሸከም፣ ሬድዮ የሚያዳምጥ። ካምፕ ውስጥ ሥጋ ሲኖር ተለያይተን በልተን ስንወጣ እንገናኛለን፤ ችግር የለም። እዚህ ግን ወዴት ልውጣ? ጉድጓዱ ይኼው ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንበላውን እንበላለን። ኮቾሮ አራጅ የለውም።"

"ለውዙስ?"

"ከእናቴ ነው። ከቦኬ።" ኪሱ ገብቶ አንድ ጭብጥ ሰጣት። "ለውዝም አራጅ የለውም።"

አንዱን ፈልቅቃ አፏ ውስጥ ጨመረች። ተቆልቶ ጨው ነክቶታል። የተጋደመው እንኳ ባርኔጣውን ገለጥ አድርጎ፣ ሦስቱም እሷ ስትበላ ያዩዋት ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ እነሱን ስታይ ኖራ ዛሬ ተራው የነሱ ሆነ። እሷ ከላይም ከታችም የምትቀምሰው ሁልጊዜ ቆማ፣ ብቻዋን፣ በጭልፋ ጫፍ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከማን ጋር እንደምትበላ መምረጥ ገጥሟት አያውቅም።

ስትመለስ በቦቴው ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ ያናግራት ነበር፤ አልሰማችውም። የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ለምና ጉልበቷ ላይ ጻፈች። እሳት የማይፈልግ። ውሃ የማይፈልግ። ዕቃ የማያቆሽሽ። ቢላዋ ያልነካው። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ። ቀጥላ ደግሞ "ለሆድ የሚጸና" ብላ ጨመረችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሁለተኛው ልምምድ ሲያልቅ ነጩም ቢጫውም እንደ ሄዱ ተመለሱ። ቢያንስ አሁን የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቋንጣው በየወጥ ቤቱ ገብቶ ተሠርቶ በሁለት ሰልፍ ተበላ። ሻለቃ ሀይሌ አስጠሯት። አዲሱን ዕቅድ ይዛ ነው የሄደችው። ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ወረቀቱን ገለበጡት፤ ከጀርባው ምንም የለም።

"ሥጋው የት አለ?"

"የለበትም።"

"አሥር ቀን? በዚያ ሙቀት? ወታደሩን አስራባችሁ ብለው ነው የሚጽፉብኝ።"

የምሽጉን ነገር ነገረቻቸው። ስም አልጠራችም፤ ፊቱን ስላዞረው ወታደር ግን ነገረቻቸው። ሻለቃው ብዕራቸውን ደጋግመው ከፈቱ፣ ዘጉ።

"ሊወጡ ሲሉ ለሁለት ቀን፣ ሲመለሱም ለሁለት ቀን ሥጋ በካምፕ ይብሉ" አለች። "ላይም ታችም፣ እስኪጠግቡ። እዚያ ቧንቧ አለ፣ ቦታ አለ። ሜዳ ላይ ግን ሦስቱም የሚበሉትን አንድ ነገር ነው የምልክላቸው። የካምፑን ምግብ አድርቄ መላክ ነበር ስህተቴ። ሜዳ ሌላ ነው።"

"ይኼ የመጨረሻው ነው፣ ደስታነሽ።"

"አውቃለሁ።"

ለውዝ፣ ሽምብራና ሰሊጥ ከጭሮ ገበያ መጣ። ሥራው ያሰበችውን ያህል ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ፈጭታ በስኳር ለወሰችው፤ ቢራቱን ያለ ውሃ ብላ አለችውና አነቀው። ሽምብራው በዝቶበታል። ቀነሰችና ለውዙን ጨመረች፣ ለስልሶ በእጅ የሚጠፈጠፍ ሆነ። ስኳሩ ደግሞ ውሃ ያስጠማል፤ ግማሹን አወጣች። በላስቲክ ጠቅልላ የግምጃ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አምስት ቀን በፀሐይ አስቀመጠችው፤ ቅባቱ ወጥቶ ላስቲኩን አረጠበ እንጂ ሽታው አልተለወጠም። በየቀኑ መሰላል ላይ ወጥታ ስትቀምስ ዘብ ላይ ያለው ወታደር ምን እንደጠፋባት ጠየቃት።

"እየጠበቅሁ ነው" አለችው።

"ምን?"

"እስኪበላሽ።"

የመጨረሻው ልክ ሲገኝ ኢንሳፍና ሳህሊቱ ታች ቤት፣ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ምጣድ፣ አብረው ቆሉ። ለምግብ ሥራ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሳህሊቱ ታች ቤት ገብታ አታውቅም ነበር፤ መስኮቱ ከነሱ እንደሚሰፋ አይታ ቅሬታዋን ለቢራቱ ነገረችው። ኢንሳፍ "ዕረቡና ዓርብ ትጾሚያለሽ አይደል? ይኼ ላንቺም ይሆናል፣ ቅመሺ" አለቻት። ሳህሊቱ ቀመሰች፣ ደገመች። ሲጠፈጠፍ ኢንሳፍ ክብ አደረገችው፣ ሳህሊቱ ሞላላ፤ የማን የማን እንደሆነ ከቅርጹ ይታወቅ ነበር፣ ነገር ግን ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛው ልምምድ ሰኞ ተጀመረ። ደስታነሽ በዚህኛው አልሄደችም፤ ሻለቃው አልፈቀዱም። ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር። በሁለተኛው ቀን ምንም ወሬ የለም። በአራተኛው ቀን የቦቴውን ሹፌር ጠየቀችው፤ "ሰላም ናቸው" አላት። "ማዳበሪያውስ?" አለችው። "ማዳበሪያ አላየሁም" አለና ሄደ። አላየሁም ማለት ባዶ ነው ማለት ይሁን አልፈለግሁም ማለት ይሁን ስታስብ ዋለች።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ሃምሳ አለቃ ቢራቱ ስልኩን እንደያዘ ቢሮዋ ገባ። ዛሬ ቀልድ የለውም።

"ከሜዳ ነው። ምግቡ አለቀ ይላሉ።"

"የቱ ምግብ?"

"ያንቺው ነዋ። ዛሬ ጠዋት ጨርሰውታል። ኮቾሮው ግን እንዳለ ነው። ሦስት ቀን ይቀራቸዋል፣ ምን እንብላ ነው የሚሉት።"

ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች። በወረቀቱ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ብላ እንደጻፈች ፈለገች። ገና ሳታገኘው ሻለቃ ሀይሌ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"የአሥር ቀን ስንቅ በሰባት ቀን እንዴት ያልቃል? እንዴት አድርገሽ ነው ያሰብሽው?"

"አሳንሼ" አለች። እውነት ነው፤ የሚበሉ አልመሰላትም ነበር።

ሻለቃው ትክ ብለው አዩዋት። "አስተካክይዋ። በሚቀጥለው ወር ሁለት ሻምበል ነው የሚወጣው፤ ያኔም እንዲህ ብትይኝ አልሰማሽም።" ኮሪደሩ ውስጥ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ቦቴው ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል" አሉ።

ደስታነሽ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ቁልቁል እየሮጠች ታች ቤት ስትደርስ ኢንሳፍ የምሳውን ምስር ትለቅም ነበር።

"አለቀ" አለቻት፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

ኢንሳፍ ትሪውን አስቀመጠች። "ስንት ሰው፣ ስንት ቀን?"

"መቶ አሥራ ስምንት። ሦስት ቀን። ካለፈው ግማሽ ጨምሪበት።" ትንሽ አሰበች። "አይ፣ እጥፍ አድርጊው።"

"አቦ፣ ለውዙ ይበቃል?"

"አላውቅም። ላይ ቤት ያለውን ላምጣ፤ አንቺ እሳቱን አንድጂ። ሳህሊቱንም ልጥራት።"

ኢንሳፍ ምስሩን ወደ ጎን ገፍታ ትልቁን ብረት ምጣድ በሁለት እጇ አንስታ ጣደች።